ቅቤ የነካው እጅ

ከሌሊቱ ስምንት፣ በጌንት፣ ከቦይ ዳር፣
ትራሙ ሳይጀምር፣ ጭጋጉ ሳይሰበር፣
ሊጥና ቅቤውን ሳጥፍ፣ ስዘረጋ፣
ጋቢ እንደሚደርቡ ስደርብ፣ ሲነጋ
ሁለት መቶ ክሩዋሳን በተርታ ተኝቶ
እሳቱን ይጠብቃል አስኳል ተቀብቶ።
ጌታዬ ሊቨን "ጣትህ ወርቅ" ይለኛል፤
ወርቅስ ወርቅ ይሁን፣
ጣቴን መጠርጠር ለምዶብኛል።

ቤቴ ስደርስ ልብሴን ከደረጃው ሥር
በከረጢት ቋጥሬ፣ በባዶ እግር፣
ሁለቱም ሳይነቁ፣
እጄን እስከ ክርኑ፣ ጥፍሬን እስከ ሥሩ
ፍቄ፣ አሽትቼ፣ ደግሜ ፍቄ፤
ከተማው እየላሰ የሚያወድሰው ጣት
ልጄን ከመንካቱ በፊት
ሌላ ጣት መሆን አለበት።

አንድ ዓመት ሲሞላት ከሊቨን ቤት ኬክ ይዤ ገባሁ።
ጥፍር የምታህል ክሬም፣ በማንኪያ ጫፍ፣ አፏ ላይ አኖርኩ።
እኔው ነኝ ያኖርኩ።
ከንፈሯ አበጠ፤ ዓይኗ ተደፈነ፤
ትንፋሿ እንደ ክር፣ እንደ ፉጨት ሆነ።
እናቷ ስትጮህ፣ ስልኩን ጨብጬ፣
ሦስት አኃዝ ያላት ቁጥር ጠፍታኝ
ቆሜ ቀረሁ፣ አፍጥጬ።

ሐኪሟ ወረቀት ሰጠችን፦ "እንቁላል፣ ወተት፣
ቅቤ፣ አይብ፣ እርጎ፣ እነዚህ የነኩት።"
አነበብኩት። ሣቄ አመለጠኝ።
ደነገጠች። "ምን አሣቀህ?" አለችኝ።
በደችኛ እንዴት ብዬ፣ በየትኛው ቃል፣
ይህ ዝርዝር ሳልወለድ የማውቀው ነው፣
እኛ ዘንድ ጾም ይባላል?
ልጄ ሳትሰግድ፣ ኪዳን ሳትቆም፣
የወተት ጥርሷ እንኳ በቅጡ ሳይወጣ፣
ፋሲካ የሌለው ሁዳዴ ገባች።

ባለፈው ትንሣኤ፣ አዳራሹ ሙሉ ሰው ሲገድፍ፣
እንቁላሉ ሲላጥ፣ አይቡ ሲታደል፣
አንዲት ደግ ሴት፣ "ባርኬልሻለሁ፣ ቅመሽ" ብትላት፣
ትርሲት በሁለት እጇ አፏን ከደነች።
ሴትዮዋ አዘነች።

እና አሁን፣ አሥራ ሁለት ተኩል ሲል፣
መስኮቱ እንደጠቆረ፣ የማሞቂያው ቧንቧ
እንደ ሽማግሌ ሲስል፣
ተልባ እወቅጣለሁ።
ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ! ደቆ ውሃ ሲነካው
ዝም፣ ዝልግልግ ብሎ፣
ለቀረው እንቁላል ዋስ የሚሆነው እሱ ነው።
የአጃውን ወተት በሻሽ ጨምቄ፣
ሙዙን በሹካ ጨፍልቄ፣
ዱቄቱን ጨምሬ እመታለሁ።
(መጀመሪያ የጋገርኩት ፓንኬክ ለጫማ ሶል ይበቃ ነበር፤
ሁለተኛው አልላቀቅ ብሎ ከነመጥበሻው ተጣለ።
ሃያ ዓመት ጋጋሪ ነኝ ስል
እንቁላል ሲነሱኝ ለማጅ።)
በወዲያኛው ምድጃ ቡቲቻ፦
ሽንብራ፣ ዘይት፣ ሎሚ፣ አንድ ቃሪያ ብቻ።
ትርሲት ስሙን አትጠራም፤
"ዶሮ የማታውቀው እንቁላል" ነው የምትለው።

መጣች። አንድ እግሯ ካልሲ፣ አንድ እግሯ ባዶ።
ስድስት ዓመቷ ነው።
"እጅህን" አለች።
እንደሚፈተሽ መንገደኛ መዳፌን ዘረጋሁ።
አሸተተች፤ አውራ ጣቴን፣ ሌላውን፣
እስከ ትንሿ ድረስ፤ አልቸኮለችም።
"ሳሙና ብቻ። እለፍ።"

ከዚያ አፏን ሞልታ፣
"አባዬ፣ ያንተ ክሩዋሳን ሲገመጥ እንዴት ነው?"
ለካ ስሸሸው የኖርኩት ጥያቄ
ሲመጣ እንዲህ ቀላል ነው።
"ይሰባበራል" አልኳት፣ "እንደ ደረቅ ቅጠል።"
አሰበች።
ከፓንኬኩ ጠርዝ ያረረውን ቆርሳ፣
ወንበሯ ላይ ቆማ፣ ጆሮዬ ሥር ደርሳ፣
ቀረጠፈችው።
"እንዲህ?"

ከታች የመጀመሪያው ትራም ደወለ።
"እንዲህ" አልኳት።
መርፌዋ ከቦርሳዋ የጎን ኪስ መኖሩን ዳበስኩ፤
አለ።
የተረፈውን ያረረ ጠርዝ
እኔ በላሁት።