ስንት ገጽ?

ከስትሮምነስ ወደብ በላይ፣ ከድንጋይ ደረጃው ጫፍ፣
ነፋሱ የመስኮቴን ጨው ሲልስ እንደ ላም አፍ፣
"ክቡራን የኮሚቴ አባላት" አልኩና ቆምኩኝ፤
ስንት ገጽ እንደምጽፍ ግን ማንም አልነገረኝ።

ማስታወቂያው "ደብዳቤ ይያያዝ" ብሎ ዝም፤
በክንድ ይሁን በስንዝር መለኪያውን አይጠቅስም።
ዶክተር ሌስክ ከአበርዲን በስልክ፦ "ሁለት ይበቃል፤
ከዚያ ካለፈ ኮሚቴው ምሳ ምሳውን ያስባል።"
ቶራ፣ የቤት ጓደኛዬ፦ "አንድ ገጽ፣ አንድ ብቻ፤
ባለ ሁለት ገጽ ሰው ማን ያምናል፣ እንኳንስ ማመልከቻ!"

የእኔ ሥራ የድንጋይ ሽበት መለካት ነው፤ ስድስት ዓመት
ተንበርክኬ በየመቃብሩ፣ ሐውልት ለሐውልት፣
ቢጫውን ክብ፣ ግራጫውን ክብ፣ በሚሊሜትር እየያዝኩ፣
አንዱ ጥፍር እስኪያህል ሃያ ዓመት እንደፈጀ መዘገብኩ።

ይህ በስንት መስመር ይገባል? በመጀመሪያው ማታ
አራት ገጽ ሞላሁ፤ ተነሣሁ ከአባቴ ጀልባ ሽታ፣
ከሸርጣን ወጥመድ፣ ከትምህርት ቤት ሽልማት፣
ከጉባኤ ወደ ጉባኤ፣ ከጥቅስ ወደ ጥቅስ ሄድኩበት።
ሳነበው፣ እንኳን ለኮሚቴው፣ ለራሴም እንቅልፌ መጣ።

በማግስቱ ቆረጥኩት፤ በሠልስቱ ደግሞ አሳጠርኩ፤
"እችላለሁ" ብቻውን ሲቀር፣ "እባካችሁ" ያልኩ መሰልኩ።

ቅዳሜ ወረድኩ ከድሬቨር ቤት፣ ከሐውልት ጠራቢው፣
አርባ ዓመት መዶሻ ሲሰማ ግማሽ ጆሮ የቀረው።
"ስንት ገጽ?" ብዬ ብጮህበት መሮውን አስቀመጠ፤
አቧራውን ከቅንድቡ ጠርጎ፣ ሣቁን ዋጠ፦

"እኔ ገጽ አላውቅም ልጄ፤ የማስከፍለው በፊደል ነው።
አንዲት ሴት መጣች አንዴ፣ ባሏን ባሕር የወሰደው፣
ሠላሳ መስመር ጽፋ፣ ደግነቱን፣ ዳንሱን፣ ዝናውን።
ዋጋውን ነገርኳት፤ ሄደች አጥፋ ወረቀቱን።
በሳምንቱ መጣች በሦስት ቃል፦ 'በሩን ዘግቶ አያውቅም።'
ይኸው ስንት ዘመኑ፤ ማንም ሳያነበው አያልፍም።
ግን ልብ በይ፤ ሠላሳው ሳይጻፍ ሦስቱ አይገኝም።"
ደግሞ መሮውን አነሣ። "አንቺ የምትለኪው ሽበት"
አለ፣ "ፊደሌን ይበላል። ንገሪው፣ ቀስ ይበልበት።"

በዚያ ሌሊት አንድ ገጽ ከአራት መስመር ሆነልኝ።
ፊደሉን አሳንሼ፣ ኅዳጉን ብገፋ፣ በገባልኝ፤
ተውኩት። አራቱ መስመር በሰፊው ነጭ ላይ ብቻቸው
ይህችን ደሴት መስለው አገኘኋቸው፦
"ችኮላ አላውቅም፤ ብዙ መንበርከክ እችላለሁ፤
የሚያድገውን ሳልነካ፣ ስንት እንዳደገ እለካለሁ።"

ላክሁት። ሦስት ወር አለፈ፤ ከኮሚቴው መልስ የለም።
በሦስት ወር የድንጋይ ሽበት የክር ውፍረት አያድግም።
ዛሬ ጠዋት ግን በመስታወት፣ ከግራ ጆሮዬ በላይ
አንዲት ነጭ አገኘሁ፤
ማስመሪያዬን አነሣሁ፣ ስንት እንዳደገች ላይ።