ላልቶም ጠብቆም

አባቴ ሰፊ ነበር፤
ሲላላ ሙያው ነው፣ ሲጠብቅ ግን ሆዱ።
ደሴ፣ ከአራዳ ቁልቁል፣ ጭቃ እግር በሚይዝበት መንገዱ፣
ጦሳ ጉሙን ሲደፋ፣ ቆርቆሮው ሲያንጠባጥብ፣
ሲንገሩን ይረግጣል፣ የሰው ወገብ ሲያሰፋ፣ ሲያጠብብ።

የአሰቡ ሾፌር ሙሄ፣ ባቲን አልፎ ሐረጎን ወጥቶ፣
በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ እንደ እንቁላል ተጠንቅቶ፣
አንድ ሸክላ አመጣ፤
በሁለት ኪሎ በርበሬ ከመርከበኛ እጅ የወጣ።
ስድስት ሰዎች ሽፋኑ ላይ፣ አፍሯቸው እንደ ማሽላ ራስ፣
ሱሪያቸው ከጉልበት ጠብቆ፣ ታች ላልቶ መሬት የሚያብስ።

አባቴ ዘፈኑን ተወና ሽፋኑን አየው ቀርቦ፤
ጠመኔ አነሣ፣ ሜትሩን ከአንገቱ ስቦ፤
ከጉልበቱ ላይ «ሃያ ሁለት» ጻፈ፣ ከእግሩ አፍ «ሠላሳ አራት»።
የደሴ ጎረምሳ ግማሹ በዚያ ክረምት
ቤልቦተሙን ከዚያች ካርቶን ተቀድዶለት ለበሰ፤
መንገድ ጠራጊው ጋሽ እንድሪስ «ሥራዬን ነጠቁኝ» ብሎ፣
በቀልዱ አለቀሰ።

ከዚያ ሸክላው ዞረ።
በእኛ ቤት መርፌ የሚያውቀው ጨርቅ ነበር፤ ይህኛው አየር ሰፋ፤
ቤዙ ከወለሉ ተነሥቶ በቁርጭምጭሚት ገባ፣ በወገብ ተስፋፋ።
ዘፋኙ ምን እንደሚል የገባው ከመሃላችን የለም፤
ጎረቤት ጦይባ ግን ራሷን ነቀነቀች፦
«ይህስ ሲለምን ነው፤
ሴት ትሁን አላህ፣ እሱን ገና አልለየሁም።»

የአባቴ እግር ከዚያ ወዲህ ፔዳሉን በዚያ ምት ረገጠው፤
ሦስቱ ቶሎ ቶሎ፣
አራተኛው አርፍዶ፣ እንደ ሰነፍ ሎሌ እየተጎተተ የሚመጣው።
ባለ ሱሪው አላወቀም እንጂ፣ ስፌቱን ቆጥሮት ቢሆን
ዘፈኑን ለብሶት ነበር።

ሰዓት እላፊ መጣ።
ከባድ ጫማ በጠጠሩ ላይ፣ ውሻ እንኳ መጮህ የተወበት ማታ፣
አባቴ የማጉያውን ሽቦ ነቀለ፣ መብራቱን በጨርቅ ሸፈነ፤
መርፌዋ ብቻዋን ቀረች፤
ያለ ማጉያ፣ ያለ ቤዝ፣ እንደ ትንኝ ቀጥና፣ ያንኑ ሁሉ ዘፈነች።
ጆሯችንን አቅርበን ከበብናት፤
የጎደለውን ቤዝ እያንዳንዱ ከደረቱ ጨመረላት።
የቴሌው አራጋው በካልሲ ጨፈረ፤ ወለሉ እንኳ አልሰማውም።
እንደዚያ ያለ ጭፈራ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም።

ይኸው አራጋው ሦስት ብር ቀብድ ከፍሎ፣ ቡናማ ጨርቅ መርጦ፣
«ቁጥሩ ያው የሸክላው ይሁን» ብሎ፣ በአፍሮው አጊጦ፣
ለሐሙስ ተቀጠረ።

ሐሙስ ብቻውን መጣ።

የት ሄደ ያለ የለም። ያኔ ጥያቄም ሰዓት እላፊ ነበረው።

ሲንገሩ ዛሬ የኔ ነው፤ ጉልበቴም የአባቴን መሰለ።
በቀደም ከኮምቦልቻ አንድ ልጅ መጣ፤ ስልኩን ከኪሱ መዘዘና
«እትዬ፣ ይህን ይሰፉልኛል?» አለ።
አየሁ፤ እነዚያው ስድስት ሰዎች፣ አፍሯቸው እንደ ማሽላ ራስ፣
ጥፍር አክለው፤
ጉልበታቸው ላይ ጠመኔ የለም፣ ራቁታቸውን መሰሉኝ።
ልጁ በጣቱ ነካቸው። ዘፈኑ መጣ፤
ጭረት የለው፣ አቧራ የለው፣ ከምንጭ እንደ ተቀዳ የነጻ።
ያቺ አራተኛዋ አርፍዳ ስትመጣ
የልጁ ትከሻ ቆሞ ጠበቃት።

እግሬ ሳላዘው ረገጠ።
«እናትህ ሳትወለድ ነው ይኼ» ልለው አሰብኩና ተውኩት፤
ሽፋኑን ከግድግዳው አወረድኩ፣ ቁጥሩን አሳየሁት።
ዓይኑ ግን ሌላ ዘንድ ነበር፤
«ያ የተሰቀለውስ፣ ቡናማው? ልክ የእኔ ይመስላል።»

«ሰው አለው» አልኩት።

ቀጠሮ ጠየቀኝ።
ለሐሙስ ልለው አፌን ከፈትኩ፤
ለዓርብ ና አልኩት።