ባለ ሦስት እግር

ሰኞ ጧት ነው። ዝናብ። አዌቱ ደፍርሷል፤
የዋንዛ ፍቅፋቂ ደጁን አልብሶታል።
አባ ጊዲ ቆሟል መሮውን አንስቶ፣
የሚመታው እንጨት ከፊቱ ተረስቶ።

በሱ ስም ደብዳቤ ሐዋሳ ደረሰ፤
ሰላምታው የራሱን፣ ስሙን የተዋሰ፤
የባንክ ቁጥሩ ብቻ ነበረ የሌላ።
ሆቴሉ አመነ፤ የአርባ በርጩማ ዋጋ ሌባ በላ።

«ፊርማዬ እኮ ጣቴ ነው» አለ፣ አውራ ጣቱን አይቶ፤
«በምን ጣቱ ፈረመ፣ ከየት አምጥቶ?»

የእህቱ ልጅ ሸምሲያ ኮምፒውተሩን ትታ
በርጩማ ገለበጠች፣ ሦስት እግሩን ወደ ላይ አንስታ፦
«ይሄ እግር ዝርዝር ነው፦ ደብዳቤህ ከየትኛው ደጅ እንደሚነሣ።
ይሄኛው ማኅተም፦ መቅረጫው ካንተ ኪስ፣ ማመሳከሪያው አደባባይ ላይ፣
ማንም አላፊ አግዳሚ አይቶ እንዲለይ።
ይሄ ደግሞ ቃል ነው፦ ‹ያልተመሳከረውን ከበር መልሱት፣
በስሜ መጣ ብላችሁ አታስገቡት።›»

«ዋጋውስ?»
«የለውም።»
ዝም አለ። ዋጋ የሌለው ነገር ሁሌም ያስፈራዋል፤
«ነገ ባለቤት ነኝ የሚል አንድ ሰው ይመጣል።»

«መጥቶ ነበር» አለችው፤ «አንድ ትልቅ ኩባንያ፣ ፓተንት አውጥቶ፣
ይቺን አንዷን እግር ‹ያሰብኳት እኔ ነኝ› ብሎ፣ አጥር ዙሪያዋን ሠርቶ።
‹በነጻ ውሰዱ› አለ፤ ‹ግን ለጎረቤት አታውሱ፣
የፈለገ ሁሉ እኔ ዘንድ ይምጣ፣ ይፈርም በራሱ።›
ሠሪዎቹ ተነሡ፤ እግሯን ትተው ሌላ ጠረቡ፣
ማንም በሚያነበው ሰነድ ላይ ልኳን ጽፈው ለሁሉ አቀረቡ።»

በርጩማውን ከእጇ ወስዶ ዳበሰው።
«ይሄን ቅርጽ ማን ፈጠረው? ስሙን የሚያውቅ ሰው
ጅማ ውስጥ የለም። ከሥሩ ግን፣ ቂጥ በማይደርስበት፣
የመሮዬ ጠባሳ አለ፤ ሸራፋ ናት፣ ሌላ እጅ የማይደግመው ምልክት።
ቅርጹ የሁሉ። ጠባሳው የኔ።»

«ገባህ» አለች። እሱ ግን ፊቱ ጠቆረ ወዲያው፦
አምና ጎረቤቱን ሙዘይንን፣ «አበባዬን ቀርጸሃል» ብሎ ቀበሌ የከሰሰው
እሱ ራሱ ነው።

ማታ፣ መብራት ከመጥፋቱ በፊት፣ ሸምሲያ መዝገቡን ሞልታ
የሙከራ ደብዳቤ ላከች። «አልፏል» አለ። በሩ ተንኳኳ በዚያች አፍታ።
ሙዘይን ነው፤ ጋዜጣ ራሱ ላይ አድርጎ፣ ውሃ እያንጠባጠበ፦
«ለኔም ትሠሪልኛለሽ ወይ?»
አባ ጊዲ ሳይጠረግ የዋለውን ፍቅፋቂ በእግሩ ሰበሰበ።

«ሥሪለት» አለ ቆይቶ።
«መሮውን ግን የራሱን ያምጣ።»