የጋራ ቆጣሪ

በጠባሴ ሰፈር፣ የኅዳር ውርጭ ወርዶ
ቧንቧው ዲዳ ሲሆን፣ ሆዱ ሞልቶ በረዶ፣
እኛ አራት በር ነን፣ አንድ ነው ቆጣሪው፤
ወር በገባ ቁጥር እሱ ነው ነገር ጫሪው።

«አንቺ ነሽ!» አሉኝ እማማ ይልፍሸዋ፣ ቢሉን እንደ ክስ ዘርግተው፤
«ያ ሂተርሽ ነው ሌት ተቀን ብሬን የሚግጠው።»
ሂተርስ አለኝ፤ አልዋሽም።
ካልሲ አደርቅበታለሁ፣ እግሬንም አሞቅበታለሁ።
ግን ይህን ሁሉ ብር?
በጣቴ ስቆጥር አደርኩ፤ ጣት አይበቃም ለነገር።

ቅዳሜ ከፋብሪካ፣ ከብርድ ልብሱ ሽመና፣
የሱፍ ብናኝ ፀጉሬ ላይ እንደ ሽበት ሆኖ ገና፣
ቤተ መጻሕፍት ገባሁ።
ሙላቷ በመነጽሯ አናት ቀና ብላ አየችኝ፤
«ልብ ወለድ ነው?»
«አይ፣ የመብራት ሂሳብ ነው የከበደኝ።»
ሳቀች። ሄደች። ይዛ መጣች አንድ ቀጭን መጽሐፍ፣ ጥራዙ የላላ፣
በካርቶን ደግሞ፣ መጽሐፍ ያልሆነ ሌላ፦
ሶኬት ላይ የምትሰካ፣ መዳፍ የምታህል መለኪያ።
«ይቺም ትዋሳለች» አለች። «ለሁለት ሳምንት። ፈርሚ እዚያ።»

መጽሐፉ ላይ ብዙ እጅ አልፏል።
ገጹ ዳር፣ በእርሳስ፦ «የበሩን ሥር በጨርቅ ድፈኑ፤ ሞክሬው ሠርቷል።»
ከሥሩ ሌላ እጅ፦ «የኔን ግን አይጥ በላብኝ።»
ብቻዬን ሳቅሁ።
ለካ ብርዴ ከኔ በፊት የበረደው ሰው ነበረው።

ሰካሁ፣ ነቀልኩ፣ ጻፍኩ በደብተሬ፤
አዎ፣ ይበላል፤ አፈርኩ በሂተሬ።
የክንፉን ካውያ ለካሁ፣ የነዘነቡን ፍሪጅ፣
ጎማው ተልጦ ቅዝቃዜ የሚለግስ፣ ለዚህ ለብርዳም ደጅ።
ደመርኩት። አልሞላም።
አንድ ሌላ አፍ አለ፣ ሌሊት ሌሊት የሚጠጣ።

ስምንት ሰዓት ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ወጣሁ።
ሁላችን ተኝተን ቆጣሪው ይዞራል።
በጓሮ ዞርኩ። የአጥናፉ ክፍል መስኮት፤
ባለ መቶ ዋት አምፖል፣ ዝንብ የቆሸሸበት፣
የተነጠፈ አልጋ ላይ ያበራል፣
የተወለወለ ጫማ ላይ ያበራል፣
ሰው የለም።

«ማታ እመጣለሁ» ብሎ የወጣ ልጅ ነው አጥናፉ፤
ሦስት ኅዳር አለፈ፣ ማታዎቹም አለፉ።

መጽሐፉን ገለጥኩ።
«የማይጠቀሙበትን መብራት ያጥፉ» ይላል፣ ገጽ አሥራ ሁለት።
አልተሳሳተም። ግን የቱ ነው «የማይጠቀሙበት»?

በነጋታው ኤልኢዲ ገዛሁ፣ ዘጠኝ ዋት፣
ብርሃኑ እንዳይነጣባቸው ቢጫ መርጬለት።
«እማማ፣ ያ አምፖል ሊቃጠል ነው፤ ልቀይርልዎ?»
ዝም አሉ። ወንበሩን ያዙልኝ።
ስወርድ ብቻ፦ «ሌሊቱን ሙሉ ትችላለች?»
«ትችላለች። ዓመታት።»
«ዓመታት እንኳ አያስፈልግም» አሉ፣ ቶሎ ብለው።

ሂተሬን በሰዓት ገደብኩ፣ በሬን በጨርቅ ደፈንኩ።
(አይጧ መጣች፤ እውነት ነው።)
የመብራቱ ቢል ቀነሰ፤ ጠባችን አሁን በውሃ ነው።

መጽሐፉን ሁለት ቀን አሳልፌ መለስኩ፤
መለኪያዋን ከነካርቶኗ፣ ቅጣቱንም ከፈልኩ።
ገጽ አሥራ ሁለት ዳር ላይ የጻፍኩትን
ሙላቷ አላየችም፦
«የማይጠፋ መብራት ካለ፣ አምፖሉን ቀይሩ።»