የአስታዋሹ ማስታወሻ

ፖርቶ ላይ ጥቅምት ነው፤ ወንዙ ጉም ለብሷል፤
ትራሙ ቁልቁለት አቃስቶ ደርሷል፤
እኔም ከጉድጓዴ፣ ከመድረኩ ሥር፣
አምፖሌን አብርቼ ገጾቼን ስቆጥር፣
ከላይ ጫማ አየሁ።
እኔ ሰው የማውቀው በጫማው ነው፣ በእግሩ፤
ፊትማ የነሱ ነው፣ ከወንበር ለሰፈሩ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሹክ ስል ኖሬያለሁ፤
የንጉሥን ቁጣ፣ የሙሽራን መሐላ፣ ከሥር አቀብያለሁ፤
ስሜን ግን ማንም ሰው አላየው ከወረቀት፤
ሳል የያዘኝ ለታ ብቻ ነው የሚያውቁኝ በሕይወት።

እና አንድ ሰኞ ጧት፣ አዘጋጁ ዱዋርቴ፣
ጎንበስ ብሎ ነገረኝ፦ «አገኘኋት፣ በሞቴ!»
«ማንን?»
«ዙልሚራን።»
ዙልሚራ! ስታዲየም በአንድ እስትንፋስ ሞልታ፣
በስልክ ማስታወቂያ፣ በሻምፑ ላይ ታይታ፣
ትያትር ግን አንድም ቀን ረግጣ የማታውቅ።
«ትኬቱ አልቋል» አለኝ፣ «ገና ልምምድ ሳንጀምር፣ ገና ሳናሳውቅ።»

የተውኔቱ ዕድሜ መቶ ዓመት አልፎታል፤
ባሏን የቀማት ባሕር በሯ ድረስ ይመጣል፤
ለሰው ባል መርከቦች መብራት ታበራለች፤
በሦስተኛው ገቢር ቃል አትናገርም፤ መረብ ትጠግናለች።

ሃያ ሁለት ዓመት ያችን መረብ የጠገነች፣
ዶና ኤርሜሊንዳ፣ ጉልበቷ ቢደክም ጣቷ ያልደከመች፣
ወሬውን ስትሰማ ከልብስ ክፍል ወጣች፤
ጥቁር ሻሿን አጥፋ ወንበር ላይ አኖረች።
«ጉሮሮ አመጡ?» አለች። «ደግ፣ ደግ፤ ይሁን፤
እኔ የጠገንኩትን እሷ ትዝፈነው አሁን።»

ዙልሚራ የመጣች ቀን፣ ጫማዋ ብር ለበስ፣
ጣውላውን ሲረግጠው አቧራው እኔ ላይ ሲፈስ፣
አስነጠሰኝ። ቆመች። አጎንብሳ አየችኝ፤
«እዚህ ሰው ይኖራል?» ብላ ጠየቀችኝ፤
ከኪሷም መንደሪን አውጥታ ሰጠችኝ።

ልምምዱ ግን ከፋ። ቃሉን ሁሉ ታዜመዋለች፤
«ነፋሱ ዞሯል» ስትል እንኳ አዝማች ትሠራለች፤
ሦስተኛው ገቢር ላይ ያ ዝምታ ሲመጣ፣
ሳታውቀው ከከንፈሯ እንጉርጉሮ ሲወጣ፣
ዱዋርቴ በገዛ እጁ ጠጉሩን ሊነጭ ደርሶ፣
«ፒያኖ ይግባበት!» አለ ተመልሶ።

አንድ ማታ፣ ሰው ሲበተን፣ ጉድጓዴ ጫፍ ተቀምጣ፣
እግሯን ወደ እኔ አንጠልጥላ፣ መንደሪኗን ልጣ፣
«ስንት ሺህ ሰው ፊት ዘፈንኩ፤ ዝም ብዬ ግን አላውቅም፤
ዝም ካልኩ ሰው ይሄዳል፤ የሄደ ሰው ደግሞ፣» አለች፣ «ተመልሶ አይጠይቅም።»
ምን ልበላት? የሌላ ሰው ቃል እንጂ የራሴ የለኝ፤
«ኤርሜሊንዳን ጠይቂ» አልኳት፤ እሱ ነው የመጣልኝ።

ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አላወቅሁ፤
የልብስ ክፍሉን በር ተዘግቶ ነው ያየሁ፤
በስንጥቁ ሥር ግን ሁለት ጥንድ ጫማ፣
አንዱ ብር፣ አንዱ ሸራ፣
ሌሊት እስኪጋመስ፣ ቃል ሳይሰማ።

የመክፈቻው ማታ፣ ስልክ የያዘ ሕዝብ
ልትዘፍን ነው ብሎ ወንበሩ ላይ ሲሳሳብ፣
ሦስተኛው ገቢር። ጣቷ መረብ ያዘ።
ዝም አለች። አዳራሹ ቀዘቀዘ።
«ዝፈኚ!» አለ አንዱ ከሰገነቱ።
መርፌው አልቆመም፤ ቋጠሮ ለቋጠሮ፣ አቤት ፍጥነቱ።

ከዚያ ቃሏ ደረሰ፦ «ነፋሱ ዞሯል» ማለት አለባት፤
አላለችም።
አምስት ቆጠርኩ፤ አሥር። ዱዋርቴ ከመጋረጃው «ስጣት! ስጣት!»
አፌን ከፈትኩ።
ከዚያ ግን እግሯን አየሁ፤ ባዶ እግሯን፣ ያለ ብር ጫማ፤
ቃል የጠፋው እግር ይርዳል፤ አውቀዋለሁ እኔማ፤
የሷ አውራ ጣት ግን ጣውላውን ይጫናል፣ ይለቃል፣
ይቆጥራል እንጂ ምኑን ይርዳል!
ከጎን፣ ከመጋረጃው ጥላ፣ ያረጀ የሸራ ጫማም
አብሯት ይቆጥራል፤ አንድም አይስትም፣ አንድም አያዘግም።

እኔም ቃሉን ዋጥኩት፤ እንዳያመልጠኝ
የመንደሪን ፍሬ በጥርሴ ይዤ ቀረሁኝ።

ጋዜጣው በነጋው «ረሳች» ብሎ ጻፈ።
እኔ ግን እርሳስ ይዤ፣ በዚያ ገጽ ኅዳግ፣ ቀለሙ ባለፈ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ያልጻፍኩትን ጻፍኩ፦
«እዚህ ጋ ማንም አይናገር። አስታዋሹም።»
አምፖሌንም አጠፋሁ።