ጠብቆ የሚነበብ

ሞጣ፣ ዘጠነኛ «ሐ»፣ ከሰዓት በኋላ፣
ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ባቄላ ሲቆላ፣
ቲቸር ልየው ጠመኔውን በጋዋኑ ጠርጎ
አንድ ቃል ጻፈ፣ ሰሌዳውን ከዳር ዳር አድርጎ።
አሥራ ሦስት ፊደል! «ይህማ» አለ አንማው ከኋላዬ፣
«የበቅሎ ጭነት እንጂ ቃል አይደለም፣ ጌታዬ።»
ቲቸር አልሳቀም። «ረጅም ቃል ሸንኮራ ነው፣
ከነቁመቱ ማን ዋጠው?
አንጓ አንጓውን ሰብሮ ነው ሰው የሚመጥጠው።
እንዳላስጠነቀቅናችሁ ስትሉ መች ተሰበረ አፋችሁ?
ሰው የገጠመውን ሰው ይፈታዋል፣ አይዟችሁ።»

በጭብጨባ ሰበረው፦ «አን። ፎር። ጌት። ኤ። ብል።
ሦስተኛዋን አጥብቃችሁ ምቱ፣ ሌላው ላላ ይበል።
አን እምቢ ባይ ነው፣ በር ላይ የቆመ ዘበኛ፤
ፎርጌት መርሳት ነው፣ ከመሐል የተኛ፤
ኤብል መቻል ነው፣ ጅራቱ ላይ ያለ፤
ሲገጣጠም፦ ሊረሱት ያልተቻለ።»

ከዚያ ወደኔ ዞረ። «አንተ፣ አስረሳኸኝ፣
ና ስምህን ስበር።» ክፍሉ ሳቀብኝ።

ጠመኔው እጄ ላይ ረጠበ።
አስ፣ ረሳ፣ ኸ፣ ኝ።
ረሳ ከመሐል፤ ሳ ጠብቃ፣ ልክ እንደ ጌት፤
ኸ እኔው አስረሺ፣ ኝ ደግሞ እናቴ ናት።
የተረሳውስ?
ገለባበጥሁት፤ ለሱ ፊደል የለም።
ከኔ በፊት መጥቶ በኩፍኝ የሄደው፣ ስሙን እንኳ አላውቅም።
ስሜ እንደ ሰባራ ድልድይ፣
ወዲህም ወዲያም ቆሞ፣ መሐሉ ዓባይ።
ቲቸር ሰሌዳውን ቆይቶ አየና
«ተቀመጥ» አለኝ፣ ሳያርመኝ።

ማታ መብራት ጠፋ። እናቴ በኩራዝ ጌሾ ትለቅማለች፣
እኔ የአርብ ፈተናዬን አጠናለሁ፣ እያጨበጨብሁ።
«አን፣ ፎር፣» አጥብቄ መታሁ፣ «ጌት፣ ኤ፣»
እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።
«ማን ነገረህ?»
«ምኑን፣ እማ?»
«ስሙን። የጌቴን።»

አሥራ አምስት ዓመት ደጅ የተዘጋበት ስም
በባዕድ ቃል ጓሮ ዞሮ ገባ።
ለፈተና ነው ልላት ነበር፣
ትርጉሙንም ልነግራት ነበር፤ ምላሴ ከበደኝ።
«እስቲ ድገመው» አለች።
ደገምሁት።
ሦስተኛዋ ላይ ስደርስ እሷም እጇን መታች።