ዕድል፣ ከአንድ እስከ አምስት

ቅጹ አራት ዓምድ አለው።
አንደኛው «አደጋው» ይላል፣ ሁለተኛው «ዕድሉ»፣
ሦስተኛው «ጉዳቱ»፣ አራተኛው የሁለቱ ብዜት፤
ሰው አይጻፍበትም፤ ቁጥር ብቻ፣ ከአንድ እስከ አምስት።

ቡሬ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የአቶ ምህረቴ ወፍጮ ቤት፣
የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በመጋቢት፣
በቆሎ ሲፈጭ ደረስሁ።
ቺንጋው ራቁቱን ይሮጣል፤ መከለያ የለው፣ አጥር የለው፣
ከሞተሩ እስከ ወፍጮው ስድስት ክንድ፣
ከሥሩ ሴቶች ቁና ይዘው ጎንበስ ቀና ይላሉ።
«ይኼ ነገር አያሠጋም?» አልሁት ባለቤቱን።
ሳቀ፤ ከቅንድቡ ዱቄት ረገፈ።
«አሥራ አንድ ዓመት ሮጧል፣ አንዲት ዶሮ አልነካ።
ደግሞስ ማን ይጠጋዋል? ከእንየው በቀር!
እንየው እንደሆነ እንደ ገዛ በሬው ጠባዩን ለይቷል።»
እንየውም ከሞተሩ ጎን ሆኖ እጁን አንሥቶ ሰላም አለኝ፤
ቀኝ እጁን።

ጉዳቱ፦ አምስት ጻፍሁ። ይህን ማንም አይስተውም።
ዕድሉ ላይ ስደርስ እስክርቢቶዬ ቆመ።
ጩኸቱ ራሴን ይዞኛል፣ ዱቄቱ ጉሮሮዬ ገብቷል፣
የደብረ ማርቆሱ የመጨረሻ ሚኒባስ በዘጠኝ ይወጣል፤
«ሁለት» ብዬ ጻፍሁ።
ሁለት ጊዜ አምስት፣ አሥር።
መካከለኛ። በሠላሳ ቀን ይስተካከል።
አቶ ምህረቴ ወረቀቱን በሚስማር ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

ሠላሳው ቀን አለፈ።
አበል የለም፣ ነዳጅ የለም፣
አንድ ሞተር ሳይክል ለሦስት ወረዳ።
እውነቱን ልናገር ካላችሁ ግን
ረሳሁት።

ሐምሌ ገባ፤ ጣሪያው አፈሰሰ፤ ቺንጋው ርሶ ተንሸራተተ፤
እንየው ሊያቀና ዘረጋ፤ እጅጌው ቀድሞት ተጎተተ።
ማጥፊያው ከወዲያ ነበረ፣ ከከረጢቱ ክምር ኋላ፤
አንጓች ዘልላ እስክትደርስ ሆነ የሚሆነው ሁላ።
ሊጠይቁት የመጡትም ከሆስፒታሉ ደጅ ቆመው አሉ፦
«ምን ይደረግ? ዕድሉ ነው። ከላይ ተጽፎበት፣ ዕድሉ።»

ከላይ አልነበረም የተጻፈው።
ላጣራ ወፍጮ ቤቱ ገብቼ አየሁት፤
ግድግዳ ላይ ነበረ፣ በእኔ እጅ ጽሕፈት፣ በሰማያዊ ቀለም፤
ዱቄት ቢለብስም ይነበባል፦
ዕድሉ፣ ሁለት።

የቅኔ ቤት ሰው ቢሆን ኅብር ነው ይለው ነበር፣
አንድ ቃል በሁለት ፊት፦
አንዱ ሰው ሳይወለድ የሚታደለው፣
ሌላው አንድ ተቆጣጣሪ ሚኒባስ እንዳያመልጠው የሚገምተው።

መከለያውን የሠራው የብየዳ ቤቱ ጥጋቤ ነው፣
ከአሮጌ በርሜል ቆርጦ፣ በግማሽ ቀን።
ስንት እንደወሰደ ጠየቅሁ፤
የሁለት ኩንታል በቆሎ ዋጋ አይሞላም።
እኔም ባለቤቱም ዝም አልን፤
ከአዲሱ ቆርቆሮ ውስጥ ቺንጋው ብቻ አወራ።

እንየው ዛሬ በር ላይ ነው፤ ሚዛን ይጠብቃል፤
የሚገባውን ሁሉ ያስቆማል።
«ነጠላሽን ወገብሽ ላይ እሰሪ። ልጁን ከውጭ ተዪው።
አንተ ደግሞ፣ ያን ፎጣ ከአንገትህ!»
አዋጁ አንቀጽ አለው፣ ንዑስ አንቀጽም አለው፤
እሱ ያለው እጅ የሌለው እጅጌ ነው፣ በመርፌ ቁልፍ የታጠፈ፤
እስካሁን የተከራከረው የለም።

አዲሱን ቅጽ ይዤ መጣሁ።
ዕድሉ የሚለው ላይ ስደርስ
«አንተ ስንት ትለዋለህ?» ብዬ እስክርቢቶውን ሰጠሁት።
በግራው ተቀበለኝ፤ ፊደል እንደጀመረ ልጅ ምላሱን ነክሶ
እያንጋደደ፣ ከሣጥኑ እየወጣ፣ ጻፈ።
ቁጥር አይደለም፦
«ማጥፊያው አሁንም ሩቅ ነው።»

ውጭ የዘጠኙ ሚኒባስ ጥሩምባ ይነፋል።